የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር ታሪክ፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ኢንተርኔት

መጽሐፍ መኖሩና መጽሐፍ መገኘቱ አንድ ነገር አይደለም። በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ ሰባት መቶ ዓመት የቈየ መጽሐፍ መኖሩን መነኰሳቱ ያውቁ ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጡ ምን እንደ ተጻፈ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ በየትኛው ቅጠል ላይ የየትኛው ንጉሥ የርስት ስጦታ እንዳለ ዘርዝሮ የሚያወጣ ሰው እስኪነሣ ድረስ ለታሪክ ተማሪ እንደሌለ ይቈጠራል። ዛሬ መምህራኖቻችን ስለ ምንጮች በጠየቁን ጊዜ አብዛኞቻችን «በኢንተርኔት ላይ አለ» ብለን መመለስን ለምደናል። ይህ «አለ» የሚለው ቃል እንዴት እንደ መጣ፣ እነማን እንደ ደከሙበትና ምን ያህል እንደሚታመን መመርመሩ ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው ይህን አጭር ጥናት ለማቅረብ ተነሥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

መጻሕፍትን መዝግቦ መያዝ ከውጭ የመጣ ልማድ የሚመስላቸው አሉ። ይህ ስሕተት ነው። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ርስቷን፣ ንዋየ ቅድሳቷንና መጻሕፍቷን የምትመዘግበው ከሁሉ አብልጣ በምታከብረው በወንጌሏ ላይ ነው፤ ስለዚህም እንዲህ ያለው መጽሐፍ የወርቅ ወንጌል ይባላል። ከነዚህ ወንጌሎች አንዱ በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው ነው። ይህን ወንጌል በ1280 ወይም በ1281 ያስጻፉት ከ1248 ጀምሮ የገዳሙ አበ ምኔት የነበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ሥዕላቸውም በውስጡ ይገኛል። ወንጌሉ ከያዛቸው ማስታወሻዎች መካከል ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጧቸውን መጻሕፍት በየስማቸው የሚቈጥር ዝርዝር አለ። በዚያ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ገዳም ምን ምን ያነብ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ምስክር ለማግኘት ይቸግረዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበ ምኔቶች ያወጡት ጥናት በዚሁ ወንጌል ላይ ባሉት ማስታወሻዎች የተደገፈ ነው። እንግዲህ የመጽሐፍ ዝርዝር ራሱ የታሪክ ምንጭ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አውሮፓ ስንሻገር የምናገኘው ነገር ሌላ መልክ አለው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጐንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ተመለሰ። ሄኖክ በሙሉው የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ስለ ሆነ የአውሮፓ ሊቃውንት ትልቅ ነገር የተገኘ መሰላቸው፤ መስሏቸውም አልቀረ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ የታተመው በ1821 ነው፤ ብሩስ ወደ አገሩ ከገባ ሃምሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። የግዕዝ ጥናት በጽኑ መሠረት ላይ የቆመው አውጉስት ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ በ1847 የብሪትሽ ሙዚየምን፣ በ1848 የኦክስፎርዱን የቦድሊያንን የግዕዝ መጻሕፍት ዘርዝሮ ካታሎግ ካወጣ በኋላ ነው። ዲልማን የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም። የግዕዝን ሰዋስው በ1857፣ መዝገበ ቃላቱን በ1865 ያሳተመው ካታሎግ ሲሠራ አንድ በአንድ ባገላበጣቸው መጻሕፍት ተመርቶ ነው። ካታሎግ መሥራት የጸሐፊ እንጂ የሊቅ ሥራ አይደለም የሚሉ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል ቢያስቡበት መልካም ነበር። በፈረንሳይ በኩልም አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ የሰበሰባቸውን 234 መጻሕፍት በ1859 በራሱ እጅ ዘርዝሮ አሳትሟል።

ከዚህ ቀጥሎ የመቅደላ ነገር ይመጣል። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየቦታው፣ ይልቁንም ከጐንደር፣ ብዙ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። በአፕሪል 1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና በጨረታ ተሸጠ። ብሪትሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል ሰው ነበር፤ በዚህ ዘመቻ ወደ ሙዚየሙ የገቡት መጻሕፍት ወደ 350 ይደርሳሉ። እነዚህን መጻሕፍት ዊልያም ራይት ዘርዝሮ በ1877 አሳተመ።

ስለ መቅደላ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ እዚህ ላይ ልናተኵርበት የምንፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፍ አንድ ጕዳይ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ወደ እንግሊዝ መንግሥት በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገሮች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ፤ አንደኛው ክብረ ነገሥት፣ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል ነው። ክብረ ነገሥት በሙዚየሙ መዝገብ ላይ የሰፈረ ስለ ሆነ ተፈልጎ ተገኘ፤ እንዲያውም ሁለት ቅጂ ሆኖ ስለ ተገኘ አንዱ በዚያው ዓመት ተመለሰ። ሥዕሉ ግን በሙዚየሙ የለም የሚል መልስ ተሰጠ። መልሱ በቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ምክንያቱም ሆምዝ ሥዕሉን ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ይህ ሰው በዚያን ጊዜ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። የሥዕሉ ፎቶግራፍ ለሕዝብ የታየው በ1905 በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ነው። እንግዲህ በአንድ ደብዳቤ ከተጠየቁት ሁለት ቅርሶች የተመዘገበው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ያልተመዘገበው ጠፍቶ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ሁለቱን ብቻ የጠየቁት በስም ስለሚታወቁ ይመስለናል፤ የቀሩት መጻሕፍት ማንነት የታወቀው የራይት ካታሎግ ከአምስት ዓመት በኋላ በወጣ ጊዜ ነውና።

ውጤቱ ምን ሆነ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ለመጻፍ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ በሎንዶን፣ በፓሪስና በሮማ ስላሉት መጻሕፍት የታተመ ዝርዝር ሲያገኝ፣ ከቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ባለው ገዳም ስላለው መጽሐፍ ግን የሚነግረው አልነበረም። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ የያዙት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ይህን ጕድለት ቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ የኮሌጁን ተማሪዎችም በየአገራቸው ያለውን ልማድና ቅርስ ጽፈው እንዲያመጡ ያበረታቱ ነበር። ከ1953 ጀምሮ የወጣው የተማሪዎቹ የጥናት ቡሌቲን የዚህ ድካም ፍሬ ነው። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆኑ፤ ተቋሙም በገነተ ልዑል ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አቋቋመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ።

በገዳማት ያሉትን መጻሕፍት ፎቶግራፍ አንሥቶ የማስቀረት ሐሳብ ከዚህ በኋላ እየበረታ ሄደ። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 በጣና ደሴቶች ያሉትን አንሥቷል፤ ዩኔስኮም ቀጥሎ ባለሙያዎች ልኮ ነበር። እነዚህ ግን ጅምሮች ናቸው። ትልቁ ሥራ የተጀመረው በ1973 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ በአሜሪካ በሚኔሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የመጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅትን አቋቋሙ። ስምምነቱ ከፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ በኮሌጅቪል እንዲቀመጥ ነበር። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። እንዲህም ሆኖ ሥራው አልተቋረጠም፤ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ይህ ቊጥር በአውሮፓ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካሉት የግዕዝ መጻሕፍት ከየትኛውም ስብስብ እጅግ ይበልጣል።

ስለ ማይክሮፊልሙ አሠራር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የዛሬ ተማሪ መሣሪያውን ላያውቀው ይችላልና። መጽሐፉ በቀጭን የፊልም ጥቅል ላይ ገጽ በገጽ ይነሣል፤ አንባቢው ጥቅሉን በመብራትና በመነጽር በሚሠራ መሣሪያ ላይ ጭኖ በእጁ እያዞረ ያነባል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለ ሆነ ጸሐፊው የቅዱሳንን ስም የጻፈበት ቀይ ቀለም ፈዞ ይታያል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይጠፋል። የብራናውን ውፍረት፣ የድጕሱን ጌጥ፣ የማኅደሩን አሠራር ፊልም አያሳይም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ በጥንቃቄ ከተቀመጠ በመቶ የሚቈጠር ዓመት ይቈያል፤ ለማንበብም ከብርሃንና ከመነጽር በቀር ምንም አይሻም።

ከ9,000 በላይ መጻሕፍት መነሣታቸው ግን የሥራው ግማሽ ነው፤ ፊልሙን ማን ይዘርዝረው? የመጀመሪያው የካታሎግ ጥራዝ በ1975 የወጣው በዊልያም ማኮምበር አዘጋጅነት ነው። ሥራውን ወደ ላቀ ደረጃ ያደረሱት ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1931 በሸዋ ተወለዱ፤ በጀርመን አገር ተምረው በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1975 በደርግ ወታደሮች በጥይት ተመተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ በ1976 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኮሌጅቪል ሥራቸውን ቀጠሉ። እንግዲህ ከአገራቸው የተለዩት ሊቅ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዳግም በእግራቸው ሊደርሱባቸው ያልቻሉትን የአገራቸውን አድባራትና ገዳማት መጻሕፍት በፊልም እያዩ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። በ1988 የማክአርተር ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2021 ዐረፉ። የካታሎጋቸው ልዩ ዋጋ፣ እንደኛ አስተያየት፣ ዋናውን መጽሐፍ ብቻ ጠቅሰው ባለማለፋቸው ነው። በኅዳግና በትርፍ ቅጠል ላይ ያሉትን የስጦታ፣ የሽያጭና የዕቃ ዝርዝር ማስታወሻዎች ሁሉ ያመለክታሉ። ለታሪክ ተማሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ዳዊቱ ሳይሆን በዳዊቱ መጨረሻ ቅጠል ላይ የተጻፈው ነው። የሐይቁ ወንጌል በዚህ ስብስብ ውስጥ ቊጥሩ 1832 ነው፤ ያንን ቊጥር ይዞ የሚሄድ ሰው ዛሬም ይደርስበታል።

ከ1975 እስከ 1993 ዐሥር ጥራዞች ታተሙ፤ ዐሥረኛው የሚያበቃው በቊጥር 5000 ላይ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። የተነሡት ከ9,000 በላይ ናቸው፤ በታተመው ካታሎግ የተዘረዘሩት 5,000 ናቸው። የቀሩት ከ4,000 የማያንሱ መጻሕፍት የታተመ ካታሎግ ሳይኖራቸው ለብዙ ዓመታት ቈዩ። የሉም አይባልም፤ ፊልማቸው በሁለት አህጉር ተቀምጧል። ነገር ግን በዚህ ዘመን ውስጥ በማን የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ተጠቀሱ? የምርምር ጽሑፎችን የግርጌ ማስታወሻ የሚመለከት ሰው ተደጋግመው የሚጠቀሱት ቊጥሮች ከ5000 በታች ያሉት መሆናቸውን ይታዘባል። ይህ የሆነው የበታቾቹ ከበላዮቹ የበለጠ ታሪክ ስለያዙ አይመስለንም።

አሁን ወደ ኢንተርኔቱ እንምጣ። የኮሌጅቪሉ ቤተ መጻሕፍት ፊልሞቹን ወደ ዲጂታል ምስል እየለወጠ ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት የንባብ ክፍሉ አማካይነት ያለ ክፍያ ማሳየት ጀመረ፤ ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ሊያነብ ይችላል። ያልታተመውም ዝርዝር በዚያው መዝገብ ላይ እየተሞላ መጥቷል። የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከዳባዲ መጻሕፍት ብዙዎቹን፣ ቫቲካንም ከራሱ ስብስብ አውጥተዋል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል የግዕዝ ስም በየአገሩ የተበተኑትን መጻሕፍት በአንድ መዝገብ ለማገናኘት እየሠሩ ነው። የመጽሔቶችም ነገር እንዲሁ ነው። በ1963 በአዲስ አበባ የጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በጄስቶር ላይ፣ በ1955 የተመሠረተው አናል ዴትዮፒ በፈረንሳዩ ፐርሴ ላይ ይነበባል። ጄስቶር ከ2006 ጀምሮ በአፍሪካ ላሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ክፍያውን ስላነሣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ካስመዘገበ ተማሪው የሚከፍለው የለም። ብዙ መምህራን ይህን ሳያውቁ ጽሑፍ ከውጭ አገር ወዳጅ እየለመኑ እንደሚያስልኩ ስናይ እናዝናለን።

ይሁን እንጂ በዚህ በር የሚገባ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው እንቅፋት የገዛ ቋንቋው ስም ነው። ካታሎጎቹ የተጻፉት በላቲን፣ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ የመጻሕፍቱም ስም በአብዛኛው በላቲን ፊደል ይሰፍራል። «ገድል» የሚለውን ቃል አንዱ ሊቅ «ጋድል» ተብሎ ሊነበብ በሚችል መንገድ ይጽፈዋል፤ ሌላው በፊደሉ ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ያደርግበታል፤ ሦስተኛው «ጌድል» እንዲመስል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሐመሩ «ሐ» ከሥሩ ነጥብ፣ ብዙኃኑ «ኀ» ከሥሩ ሌላ ምልክት ይጨመርለታል። የአብነት ተማሪ የነበረ፣ ድጓውን በቃሉ የሚያውቅ ጓደኛችን በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚያውቀውን መጽሐፍ ስም መጻፍ ሲያቅተው ማየት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ስለዚህ ፈላጊው ከስም ይልቅ ቊጥርን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ቊጥሩም የሚገኘው ካታሎጉን በማንበብ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የብሪትሽ ቤተ መጻሕፍት የመቅደላን መጻሕፍት ከያዙት ስብስቦች ብዙዎቹን በኢንተርኔት አውጥቶ ነበር፤ በአገራችንም ብዙ ሰው እነዚህ መጻሕፍት በምስል «ተመለሱ» እያለ ተጽናንቶ ነበር። በኦክቶበር 2023 ግን ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተጠቃና ካታሎጉም ምስሎቹም በአንድ ጊዜ ተዘጉ። ካታሎጉ በጃንዋሪ 2024 በከፊል ሲከፈት የብራናዎቹ ምስሎች ግን ለብዙ ወራት እንደ ተዘጉ ቈዩ። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያቸው አልተነቃነቁም፤ የጠፋው በሩ ነው። በዚያ ጊዜ ምርምሩ ያልተቋረጠበት ሰው ምስሉን አስቀድሞ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር ያወረደው ነው። የራይትን የ1877 ካታሎግ በእጁ የያዘውም ቢሆን የመጽሐፉን ቊጥርና ይዘት ማወቅ አልተሳነውም። ከአንድ መቶ አርባ ዓመት በፊት የታተመው ወረቀት ማሽኑ በተኛ ጊዜ ይሠራ ነበር።

በአገር ውስጥ የደረሰውን ደግሞ እናስብ። የማይክሮፊልሙ ድርጅት አብዝቶ የሠራው በአዲስ አበባ፣ በሸዋ፣ በወሎና በጐጃም ነበር፤ ወደ ትግራይ የደረሰው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው ከ2009 እስከ 2015 ከሐምቡርግ የተነሣ ቡድን በምሥራቅ ትግራይ አድባራት እየዞረ ያነሣው ዲጂታል ፎቶግራፍ ነው። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በትግራይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ላይ ጕዳት ደረሰ፤ የብራና መጻሕፍትም በኢንተርኔት ለሽያጭ ቀርበው ታዩ። አንድ መጽሐፍ በውጭ ገበያ ላይ በተገኘ ጊዜ የዚህ ደብር ነው ብሎ ለመከራከር የሚቻለው ከዚያ በፊት የተነሣ ምስልና የተጻፈ ዝርዝር ካለ ነው። የአፄ ዮሐንስን ደብዳቤና የኵርዓተ ርእሱን ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ከዚህ በመነሣት ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አለን። የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት ቊጥሩ ከ5000 በላይ የሆነ አንድ መጽሐፍ ተሰጥቶት፣ ምስሉን ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ በአማርኛ ዝርዝር እንዲያዘጋጅለት ቢደረግ፤ ዝርዝሩም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በየኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በወረቀትም በኮምፒዩተርም ቢቀመጥ መልካም ነው። ሥራው ትንሽ አይደለም። አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ከመቶ ቅጠል በላይ ሊኖረው ይችላል፤ የጸሐፊውን እጅ መልመድ ብቻ ሳምንት ይወስዳል። ግዕዝ የማያውቅ ተማሪ ከአንድ የአብነት ተማሪ ጋር ተጣምሮ ቢሠራ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ዝርዝሩ የመጽሐፉን ስም፣ ያስጻፈውን ሰው፣ በጸሎቱ ውስጥ የሚጠራውን ንጉሥና ጳጳስ፣ ከዚያም በኅዳግና በትርፍ ቅጠል ያለውን ማስታወሻ ሁሉ ከነቅጠሉ ቊጥር ይያዝ። በጥንት ጊዜ ስሙ ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ቦታ ካለ ያም ይመልከት፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉን የሚናገረው ብዙ ጊዜ ያ የተፋቀው ቦታ ነውና።